ጥፋት ታይቶ ቅጣት የሚቀረው ለምንድን ነው? ከፓሪስ ማራቶን እስከ ገና ጨዋታ ሜዳ

በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ወርቁን ከብሩ የለየው ሦስት ሰከንድ ብቻ ነበር። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም በተካሄደው ውድድር ለኔዘርላንድስ የሮጠችው ሲፋን ሐሰን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አንደኛ ስትወጣ፣ ኢትዮጵያዊቷ ትዕግሥት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ተከትላ ገባች። ኬንያዊቷ ሔለን ኦቢሪ ሦስተኛ ሆነች። የብዙ ኢትዮጵያውያን ዐይን ያረፈው ግን በሰዓቱ ላይ አልነበረም፤ ሩጫው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱ አትሌቶች መታጠፊያው ላይ በክርን በተገፋፉባት ቅጽበት ላይ ነበር።

ኢትዮጵያ ትዕግሥት ተሰናክላለች ስትል አቤቱታ አቀረበች። የይግባኝ ሰሚው ጉባኤ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው፤ ውጤቱም ጸና። በወቅቱ የዓለም የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው ትዕግሥት ብሩን ይዛ ተመለሰች።

ምስሉን በደባርቅም ሆነ በዳባት ከተማ በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልኩ የተመለከተ ሰው «ግፊያው እየታየ እንዴት ዝም ተባለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው የአንድ ሜዳሊያ ጥያቄ ብቻም አይደለም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ቀበሌዎች የገና ጨዋታ በተካሄደ ቁጥር፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር ልጆች በተሰለፉ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ተመታሁ፣ ተጠለፍሁ የሚለውን ተጫዋች ማን ይሰማዋል? በምን ሚዛንስ ይዳኘዋል? ሜዳ ላይ መልስ ያጣ በደል ወደ ቤት ይዘውት የሚገቡት ቂም ሊሆን ስለሚችል፣ የዳኝነቱን አሠራር ማወቅ ለአትሌቱ ብቻ ሳይሆን ለወላጅም፣ ለመምህርም፣ ለአገር ሽማግሌም ይጠቅማል።

ደንቡ የሚጠይቀው ምንድን ነው?

የዓለም አትሌቲክስ የቴክኒክ ደንብ ቁጥር 17 ስለ መገፋፋትና ስለ ማሰናከል ይደነግጋል። ብዙ ተመልካች «አትሌት አትሌትን መንካት ክልክል ነው» ብሎ ያስባል። ደንቡ ግን እንዲህ አይልም። በሩጫ መካከል ክንድ ከክንድ፣ እግር ከእግር መነካካቱ አይቀርም። ደንቡ የሚያወግዘው ሌላውን አትሌት ከግስጋሴው የሚገታ፣ ለገፊው ያልተገባ ብልጫ የሚሰጥ ወይም በተገፊው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ንክኪን ነው።

ስለዚህ ዳኛው በተከታታይ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። አንደኛ፣ ንክኪ ነበር ወይ? ሁለተኛ፣ ንክኪው የአትሌቷን ሩጫ በእርግጥ ገትቶታል ወይ? ሦስተኛ፣ ተጠያቂው ማን ነው? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ሲገኝ አጥፊው ከውድድሩ ሊሰረዝ ይችላል። ንክኪው ያለ ማንም ጥፋት የተፈጠረ ሆኖ አንድ አትሌት ግን ክፉኛ ከተጎዳ፣ ዳኛው ውድድሩ እንዲደገም ወይም ተጎጂው ወደ ቀጣዩ ዙር እንዲያልፍ ሊያዝ ይችላል። ይህ መፍትሔ ለማጣሪያ ሩጫ ይሠራል፤ 42 ኪሎ ሜትር የሮጡ ሰዎችን ግን መልሳችሁ ሩጡ ማለት አይቻልም። በማራቶን ዳኛው የቀረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን መሰረዝ ወይም ውጤቱን እንዳለ ማጽደቅ።

ይህ አስተሳሰብ ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። ከብት ከሰው ማሳ ገብቶ ገብስ በላ ሲባል ሽማግሌዎች «ከብቱ ገብቷል ወይስ አልገባም?» በሚለው ብቻ አይወሰኑም። ከማሳው ዘንድ ሄደው የተበላውን ይገምታሉ፤ ከብቱን ያሰማራው ማን እንደነበር፣ አጥሩ እንዴት እንደነበር ይጠይቃሉ። ኮቴው ታይቶ እህሉ ካልተጎዳ ካሳ ላይቆረጥ ይችላል። የአትሌቲክስ ዳኛም ኮቴውን ካየ በኋላ ጉዳቱን ይገምታል።

በፓሪሱ ማራቶን ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ አስቸጋሪ ነበር። ሲፋን በውስጠኛው ጠርዝ፣ በአጥሩና በትዕግሥት መካከል በቀረው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ገባች። ትዕግሥትም ወደዚያው ጠርዝ ተጠጋች። በዚያ ጠባብ ቦታ ሁለቱም ክንዳቸውን አነሡ። ከአንድ ወገን ሲታይ ሲፋን በማይገባ ቀዳዳ ገብታ ገፋች፤ ከሌላው ወገን ሲታይ ትዕግሥት የተከፈተውን መንገድ ዘጋች። አንድ ምስል ሁለት ፍርድ የሚያስተናግድ ሲሆን፣ ዳኞች ከመሰረዝ ይልቅ ሩጫው ያስገኘውን ውጤት ወደ ማጽናት ያዘነብላሉ።

በሴንቲ ሜትር የሚለካና በዐይን የሚገመት

ሁሉም ጥፋት ግን እንዲህ አከራካሪ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና በተካሄደው ማራቶን ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጫማው ተለካ። የተፈቀደው የሶል ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእሱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ደራራ ከውጤቱ ተሰረዘ፤ ድሉም ከእሱ ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ለገባው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ።

እዚህም ልዩነቱ ሦስት ሰከንድ ነበር፤ ፍርዱ ግን ያለ ብዙ ክርክር ተፈጸመ። የአንድ ሴንቲ ሜትሩ ትርፍ ምን ያህል እንደጠቀመው፣ ሆን ብሎ ያደረገው መሆን አለመሆኑን የጠየቀ የለም። ሶሉ በመለኪያ ታየ፤ በቃ። የእርሻ ድንበር በገመድ ሲለካ ክርክሩ ገመዱ በደረሰበት እንደሚያልቀው ሁሉ፣ በቁጥር የተቀመጠ ደንብም ዳኛውን ከሐሜት ይጠብቀዋል። ግፊያን ግን የሚለካ ገመድ የለም። ስለዚህም ቀላሉ ስሕተት ወዲያው ሲቀጣ ከባዱ ግፊያ ሳይቀጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ ለተመልካች የሚያስቆጭ ነው፤ የአሠራሩ ጠባይ ግን እንዲህ ነው።

ዳኛ የወሰነውን ዳኛ ሲሽረው

ከማራቶኑ ስድስት ቀን አስቀድሞ ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም በዚያው በፓሪስ የሴቶች 5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተካሂዶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ኢትዮጵያዊቷ ጉዳፍ ጸጋይና ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ለቦታ ሲሻሙ ተነካኩ። ቢያትሪስ ቼቤት አንደኛ፣ ኪፕዬጎን ሁለተኛ፣ ሲፋን ሐሰን ሦስተኛ ሆነው ገቡ። ከውድድሩ በኋላ ኪፕዬጎን ጉዳፍን አሰናክላለች ተብላ ተሰረዘች። ብሩ ለሲፋን፣ ነሐሱ ለጣሊያናዊቷ ናዲያ ባቶክሌቲ ተሻገረ። ኬንያ ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ስረዛውን ሻረው፤ ኪፕዬጎን ብሯን መልሳ አገኘች፣ ባቶክሌቲም ወደ አራተኛነቷ ተመለሰች።

አንድ ንክኪ በአንድ ምሽት ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ተሰጠው። ይህ የሚያሳየው የዳኞቹን ድክመት ብቻ አይደለም። «ተገትታለች ወይ?» እና «ተጠያቂው ማን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች በቅን ሰዎች መካከል እንኳን ልዩነት የሚፈጥሩ መሆናቸውን ጭምር ያሳያል።

በፓሪስ የተወሰኑት ሁለቱም የመጨረሻ ፍርዶች ለኢትዮጵያውያን አትሌቶች ያጋደሉ አልነበሩም። በዚህ ምክንያት «ዳኞቹ እኛን ብቻ ነው የሚበድሉት» የሚል ቁጭት ተሰምቷል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ሲፋን ሐሰን እየመራች የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ደረሰች። ጉዳፍ ልታልፋት በጎኗ ስትጠጋ ሲፋን ሚዛኗን ስታ ወደቀች። ጉዳፍ ወርቁን፣ ለተሰንበት ግደይ ብሩን፣ እጅጋየሁ ታዬ ነሐሱን ወሰዱ። ከሦስቱ የተሰረዘ አልነበረም፤ ኢትዮጵያም ሦስቱን ሜዳሊያ ጠቅልላ ተደሰተች። በቡዳፔስት ውጤቱ እንዲጸና የወደደ ተመልካች፣ በፓሪስም የሚፈረደው በዚያው ሚዛን መሆኑን መቀበል ይጠበቅበታል።

ንክኪ የተፈቀደበት ስፖርትስ?

ንክኪ በከፊል ብቻ በሚፈቀድበት ሩጫ ዳኝነቱ ይህን ያህል ከከበደ፣ መምታት በተፈቀደበት ስፖርት እንዴት ይሆን? ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ወጣቶች በስልካቸው የሚከታተሉት ሚክስድ ማርሻል አርት ነው። ቦክስን፣ ትግልንና የምሥራቁን ዓለም የፍልሚያ ጥበብ ያቀላቀለው ይህ ስፖርት ከሩቅ ለሚያየው ሕግ የለሽ ድብድብ ይመስላል። ይሁን እንጂ የተከለከሉት ድርጊቶች ዝርዝር ረዥም ነው። ዐይን ውስጥ ጣት መክተት፣ በራስ መግጨት፣ ብልት መምታት፣ ማጅራት መምታት፣ የወደቀን ተፋላሚ ራሱን በጉልበት ወይም በእርግጫ መምታት፣ መንከስ፣ ጸጉር መጎተት፣ የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ መያዝ ሁሉም ክልክል ነው።

ሦስት ዳኞች ከውጭ ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። ጥፋትን የሚለየውና የሚቀጣው ግን ከተፋላሚዎቹ ጋር ውስጥ የሚቆመው አንድ የመሐል ዳኛ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ምክንያቱ በሒሳብ ይገባል። ፍልሚያው ሦስት ዙር ከሆነ፣ እያንዳንዱን ዙር ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 9 ነጥብ ያገኛል። ሁለቱን ዙር አሸንፎ አንዱን የተሸነፈ ሰው 29 ለ28 ይረታል። የመሐል ዳኛው አንድ ነጥብ ከቀነሰበት ግን 28 ለ28 ይሆንና አቻ ይወጣል። አንዷ የቅጣት ነጥብ የሙሉ ፍልሚያን ድል ትሰርዛለች። ቅጣቱ እንዲህ የከበደ በመሆኑ ዳኛው እጁን ይሰበስባል፤ እጁን በሰበሰበ ቁጥር ደግሞ ብልጥ ተፋላሚ የመጀመሪያዋን ጥፋት በነጻ እንደተሰጠችው ይቆጥራል። ቀላል ቅጣት የሌለበት ደንብ ከባዱንም ቅጣት ያስቀረዋል።

በዚህ ስፖርትም የዳኛው ግምት የፍርዱን መንገድ ይቀይራል። የካቲት 27 ቀን 2013 ዓ.ም ሩሲያዊው ፒዮትር ያን በጉልበቱ መሬት ላይ የነበረውን አሜሪካዊ አልጃሜይን ስተርሊንግን ራሱን መታው። ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ስለተባለ ያን ተሰረዘ፤ የሻምፒዮንነት ቀበቶውም ለተመታው ለስተርሊንግ ተሰጠ። ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም በአቡ ዳቢ ደግሞ የፈረንሳዊው ሲሪል ጋን ጣቶች የእንግሊዛዊውን ቶም አስፒናልን ዐይኖች ወጉ። አስፒናል መቀጠል አልቻለም። ድርጊቱ ሳይታሰብ እንደሆነ ተቆጥሮ ፍልሚያው ውጤት አልባ ተባለ። ጉዳቱ ከባድ ቢሆንም ጋን በተሸናፊነት አልተመዘገበም። አንዱ ጋ ቀበቶ ያስወሰደ፣ ሌላው ጋ ያለ ቅጣት የታለፈ ጥፋት ልዩነቱ ያለው በዳኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ አስቦ ነው ወይስ ሳያስብ?

ሠላሳ ደቂቃና መቶ ዶላር

የፍርዱ ይዘት ሲያከራክር ተበዳይን የሚጠብቀው የአቤቱታው ሥርዓት ነው። በአትሌቲክስ ይህ ሥርዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ተቀምጧል። በውጤት ላይ ቅሬታ ያለው አትሌት ወይም ወኪሉ ውጤቱ በይፋ ከተገለጸ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለዳኛው ማመልከት አለበት። ይህ የመጀመሪያ አቤቱታ በቃል ሊቀርብ ይችላል። በዳኛው ውሳኔ ካልረካ በሌላ 30 ደቂቃ ውስጥ በጽሑፍ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ያቀርባል። ከማመልከቻው ጋር 100 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙ ይያዛል፤ አቤቱታው ተቀባይነት ካላገኘ ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል።

ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት፣ በአምስት ወይም በሰባት ሰዎች ይዋቀራል። የቪዲዮ ምስል ይመለከታል፣ የዳኞችን ሪፖርት ያነብባል፣ ከዚያም የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል። በዚህ አሠራር ውስጥ አራት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። ማመልከቻው ጊዜ የተቆረጠለት ነው። ሁለተኛ የሚያይ አካል አለ። ያለ ምክንያት የሚከስ ሰው የሚከፍለው ዋጋ አለ። ክርክሩም የሚያልቅበት ቦታ አለው። ኢትዮጵያ በማራቶኑ፣ ኬንያ በ5 ሺህ ሜትሩ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። አንዷ ተቀበሏት፣ ሌላዋን አልተቀበሏትም፤ ሁለቱም ግን ተሰምተዋል።

ደንብ የሰው ሥራ በመሆኑም ይታረማል። በሚክስድ ማርሻል አርት ክርንን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ መምታት ለረዥም ዓመታት ክልክል ነበር። አሜሪካዊው ጆን ጆንስ ኅዳር 26 ቀን 2002 ዓ.ም ከማት ሃሚል ጋር ሲፋለም በዚሁ ጥፋት ተሰርዞ ተሸናፊ ተባለ። ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ክልከላው ተነሣ። የጆንስ ሽንፈት ግን በመዝገብ ላይ አልተሰረዘም። ሰው የሚዳኘው በተጫወተበት ቀን በነበረው ደንብ ነው።

ለገና ጨዋታ ሜዳ ምን ይተርፋል?

ገና በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ የሚጫወቱት፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ መንደር ከመንደር የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። ዱላ ሲወናጨፍ ቅልጥም መመታቱ፣ ሩጫ ሲበረታ መጠላለፉ አይቀርም። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን አይቆጣም የሚለው የቆየ ብሂል የተነገረው ለዚህ ነው። ብሂሉ ጨዋታውን ከጠብ ሲጠብቅ ኖሯል። ይሁን እንጂ «አትቆጣ» የሚለው ቃል የሚከብደው ሁልጊዜ በተመታው ላይ ነው። አስቦ የመታና ሳያስብ የመታ እኩል የሚታለፉ ከሆነ ብሂሉ ለጉልበተኛው መሸሸጊያ ይሆናል።

ገና፣ ትግልና ጉግስ በኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ሥር ደንብ ወጥቶላቸው በውድድር መድረክ ይካሄዳሉ። በመንደር ሜዳ ላይ ግን ያን ደንብ ይዞ የሚገኝ ዳኛ ብዙ ጊዜ የለም። ከዓለም መድረኮች ልምድ በመነሣት ያለ ብዙ ወጪ ሊደረግ የሚችለው የሚከተለው ነው።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ወገን አለቆች የተከለከለውን ድርጊት በግልጽ ይስማሙ፤ ዱላ ከወገብ በላይ አለማንሣት፣ የወደቀን አለመምታት፣ ሩሯ በሌለችበት ሰው አለመምታት። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ ዳኛ ይሰየም። ለዳኛው ከማስባረር በፊት ቀላል ቅጣት ይሰጠው፤ ለምሳሌ ተጫዋቹን ለጥቂት ደቂቃ ከሜዳ ማስወጣት። ቅጣቱ ቀላል ሲሆን ዳኛው ለመቅጣት አይፈራም። ቅሬታ ያለው በዚያው ቀን፣ ሰዉ ከሜዳው ሳይበተን ያቅርብ፤ ያየ ሰው ሁሉ በቦታው እያለ ነው እውነቱ የሚገኘው። ዳኛው ያልፈታውን ሁለቱም ወገን አስቀድመው የተስማሙባቸው ሦስት ሽማግሌዎች ይዩት፤ የእነሱ ቃል የመጨረሻ ይሁን።

የትምህርት ቤት ውድድር የሚያዘጋጁ የስፖርት መምህራንም ከዚህ የሚወስዱት አለ። በሩጫ የተሰናከለ ልጅ ማጣሪያ ላይ ከሆነ፣ ወደ ቀጣዩ ዙር እንዲያልፍ መፍቀድ በዓለም ደንብም የታወቀ መፍትሔ ነው። አጥፊው ማን እንደሆነ ባይለይ እንኳን የተጎዳውን መካስ ይቻላል። መታጠፊያዎች ላይ አንዳንድ ተመልካች ዳኛ ማቆም ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል፤ በፓሪስም እንደታየው ግፊያ የሚበዛው መንገድ በሚጠብበት ስፍራ ነው።

ቀጣዩ ገና ከመድረሱ በፊት፣ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ አዝመራ ተሰብስቦ ሰዉ ፋታ በሚያገኝበት ሰሞን፣ የየመንደሩ አለቆች ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው በእነዚህ ነጥቦች ቢነጋገሩ ጨዋታው ከነለዛው ይቀጥላል። ዱላ ያረፈበት ወጣትም ቤቱ የሚገባው ፍርዱ ባይስማማው እንኳን አቤቱታው ተሰምቶለት ይሆናል።